የመንገደኛ ስንቅ፤ ስለ ካሜራ ትርፍ ባትሪ አመራረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ርእሱን የመምረጥ ነፃነት ለእኔው ተትቶልኝ ነበር። ምርጫዬን ባስታወቅሁ ጊዜ ግን ከአዘጋጆቹ አንዱ ፈገግ ብለው፣ «ግድቡ፣ ድልድዩ፣ መንገዱ ሁሉ እያለ ስለ ካሜራ ባትሪ ልትናገር ነውን?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ርእሱን የመረጥሁት ባትሪ ከድልድይ ይበልጣል በማለት አይደለም፤ አንድ ድልድይ በባትሪ ምክንያት በወጉ ሳይመዘገብ ሲቀር በዐይኔ ስላየሁ፣ ጥፋቱም የራሴ ስለ ነበረ ነው።

ለጉዞ የሚነሣ ሰው ለካሜራው ትርፍ ባትሪ መግዛት ሲያስብ ሁለት ዋጋ ይቀርብለታል። አንዱ የካሜራው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው ባትሪ ዋጋ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ለዚያው ካሜራ እንዲስማማ አድርጎ የሠራው ነው። የዋጋቸው ልዩነት ብዙ ጊዜ እጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሁለቱም በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በካሜራው ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። ታዲያ ስለ ምን ትርፍ ገንዘብ እንከፍላለን? ይህን ጥያቄ ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ለረጅም ጊዜ የሰጠሁትም መልስ የተሳሳተ ነበር።

የመስክ መሐንዲስ ዛሬ ከሜትሩና ከመዶሻው እኩል ካሜራ ይዞ ይወጣል። ስንጥቁ በየት በኩል እንደ ጀመረ፣ ብረቱ ምን ያህል እንደ ዛገ፣ ውሃው ከመሠረቱ ሥር ምን ያህል አፈር ጠርጎ እንደ ወሰደ በቃል ሲጻፍ አንባቢው እንደ ስሜቱ ይተረጉመዋል፤ ፎቶግራፉን ሲያይ ግን ክርክሩ ያጥራል። የእጅ ስልክ ይህን ሥራ አይሠራምን ለምትሉኝ፣ በቀን ብርሃንና በቅርብ ላለ ነገር በሚገባ ይሠራል። ከድልድይ ቅስት ሥር ባለው ጨለማ፣ እግር በማይደርስበት ምሰሶ ላይ ግን ጥሩ ሌንስና ኀይለኛ ፍላሽ ያስፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር መግቢያ፣ በላስታ ተራራዎች መካከል በሚያልፍ መንገድ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ድልድይ ክረምቱ ሳይገባ እንድመረምር ታዝዤ ሄድሁ። ከእኔ ጋር የነበሩት አንድ ቀያሽና ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ መኪና ላይ የፈጁ ሾፌራችን ብቻ ነበሩ። ሦስት ባትሪዎች ይዤ ነበር፤ አንዱ ከካሜራው ጋር የመጣው ሲሆን ሁለቱን ለጉዞው ስል አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ገዝቻቸዋለሁ። ሁለቱም የካሜራውን ፋብሪካ ስም የያዙ፣ ማሸጊያቸው ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት የተለጠፈባቸው ነበሩ። ነጋዴው፣ «ጌታዬ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ለእርስዎ ስለ ሆነ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይሸጥም» ብሎኝ ነበር። ዋጋው ከእውነተኛው ዝቅ ያለ መሆኑን ዐውቄያለሁ፤ ስለ ምን ዝቅ እንዳለ ግን አልጠየቅሁም። ሲሚንቶ በዚህ አኳኋን ቢቀርብልኝ ኖሮ አንድ ከረጢት እንኳ አልቀበልም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የመንገዱን ጠርዝና የውሃ መውረጃ ቦዮቹን ሳነሣ አሮጌው ባትሪ እንደ ልማዱ እስከ ማታ አገለገለኝ። ባደርንበት ከተማ መብራት ስላልነበረ ሳልሞላው አደርሁ፤ ሁለት ትርፍ አለኝ ብዬም አልተጨነቅሁበትም። በማግሥቱ ወደ ወንዙ ወርደን የመጀመሪያውን ምሰሶ ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስሻገር ካሜራው 60 በመቶ ኀይል እንደ ቀረው ያሳይ ነበር። ከሁለተኛው ምሰሶ ሥር ውሃው መሠረቱን ሸርሽሮ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ እንዳበጀ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ፍላሹን ላበራ ስል ካሜራው ድርግም ብሎ ጠፋ። ሌላውን ባትሪ አስገባሁ፤ እርሱም ሦስተኛውን ፎቶግራፍ ሳያስጨርሰኝ ጠፋ። የተነሡት ሁለቱም የምሰሶውን ፊት እንጂ የጉድጓዱን ውስጥ አያሳዩም። ሾፌራችን ከወንዙ ዳር ሆነው፣ «ኢንጂነር፣ ድንጋዩ አለቀ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እርሳቸው ማናቸውንም ባትሪ እንደ ድሮው የእጅ ባትሪ «ድንጋይ» ነው የሚሉት። «አለቀ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም፤ በዚያች ሰዓት በእጄ የያዝሁትም በእውነት ድንጋይ ነበር። በስልኬ ሞከርሁ፤ ከጥቁር ውሃ በስተቀር የታየ ነገር የለም።

ያን ሌሊት በላይኛው አገር ዘነበ። ጧት ወንዙ ደፍርሶ ሞልቶ ወደ ምሰሶው የሚያስጠጋ አልሆነም። ያየሁትን በእርሳስ ነድፌ፣ የለካሁትን ጽፌ አቀረብሁ። ጥገናውን የሚፈጽመው ወገን ግን «በፎቶግራፍ ያልታየ ጉዳት ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ነገሩም ውሃው እስኪጎድል እስከ ጥቅምት ድረስ ቆየ። ክረምቱን ሙሉ በድልድዩ ላይ ከባድ መኪና እንዳያልፍ ተከልክሎ የእህል መኪናዎች በሌላ መንገድ ሲዞሩ ከረሙ። ድልድዩ አልወደቀም። ሆኖም በዚያ ክረምት ሌሊት ዝናብ በሰማሁ ቁጥር ከአልጋዬ ላይ እነሣ ነበር።

ከጉዞው እንደ ተመለስሁ ሁለቱን ባትሪዎች ከፈትኋቸው። ይህን ማንም እንዲያደርገው አልመክርም፤ የሊቲየም ባትሪ በስለት ከተነካ እሳት ሊያነሣ ይችላል። እኔም ያደረግሁት ከቤት ውጪ፣ በአሸዋ ላይ፣ ባትሪዎቹ ፈጽመው ባዶ ከሆኑ በኋላ ነው። ያየሁትን ከመናገሬ በፊት በእንዲህ ያለ ባትሪ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚገባ በአጭሩ ላስታውስ።

የዛሬው የካሜራ ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም-አዮን የሚባለው ነው። ለገበያ ያቀረበው መጀመሪያ የሶኒ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1991 ነበር። ለዚህ ግኝት መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። አንዱ ሴል በተለመደው አጠራር 3.6 ቮልት ሲሆን ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። በትልልቆቹ ካሜራዎች ባትሪ ውስጥ ሁለት ሴሎች በተከታታይ ስለሚያያዙ ቮልቴጁ 7.2፣ ሲሞላም 8.4 ይሆናል። ይህ የኬሚስትሪው ክፍል ነው።

ከሴሎቹ ጎን የጥፍር ያህል የምትሆን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች፤ የባትሪው ዘበኛ እርሷ ናት። ሴሎቹ ከመጠን በላይ ሲሞሉ ትዘጋለች፤ ከመጠን በታች ሲወርዱ ትዘጋለች፤ ሁለቱ ጫፎች በብረት ተገናኝተው ኀይለኛ ጅረት ሲፈስ ትዘጋለች። ከእርሷም ጋር የሙቀት መለኪያ የሆነች ቅንጣት አለች፤ ይህች ባትሪው እየሞቀ መሆኑን ለመሙያው ታስታውቃለች። በብዙዎቹ ዘመናዊ ባትሪዎች ውስጥ ደግሞ ከካሜራው ጋር የምትነጋገር አንዲት ቺፕ አለች። ካሜራው «60 በመቶ ቀርቷል» ብሎ በልበ ሙሉነት የሚያሳየን ይህች ቺፕ የገባውንና የወጣውን ኀይል እየቈጠረች ስትነግረው ነው።

በእኔ ባትሪዎች ውስጥ ዘበኛዋ አለች፤ ሥራዋን ግን በግማሽ ነበር የምትሠራው። የሙቀት መለኪያዋ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የማይለዋወጥ ተራ ሬዚስተር ተበይዷል። ይህም ማለት ባትሪው እንደ ምድጃ ቢግል እንኳ ለመሙያው ዘወትር «ሙቀቴ ልከኛ ነው» እያለ ይዋሻል ማለት ነው። ሴሎቹ የሠሪ ስምም ቍጥርም አልነበራቸውም፤ ሁለቱም በአንድ ባትሪ ውስጥ ሳሉ እኩል አልነበሩም። በተከታታይ በተያያዙ ሴሎች ደግሞ የሚወስነው ደካማው ነው፤ ደካማው ባዶ ሲሆን ዘበኛዋ በሩን ትዘጋዋለች፤ ብርቱው የያዘውም ከውስጥ ታስሮ ይቀራል። የመቶኛው ቍጥርም ከቮልቴጅ ላይ በግምት የተወሰደ ነበር። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ ደግሞ በመካከለኛው የአገልግሎት ጊዜ እምብዛም ሳይለዋወጥ ቆይቶ በመጨረሻ እንደ ገደል ስለሚወርድ፣ በእርሱ ብቻ የሚገምት ቺፕ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ «ገና ነው» ይላል። ፍላሹ ደግሞ ከመታ በኋላ እንደ ገና ሲሞላ ለካሜራው ትልቅ ጭነት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው «የፋብሪካው ወይስ የሌላው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በተሳሳተ መንገድ የተቀመጠ መሆኑን የተረዳሁት። በገበያችን ያለው ሁለት ሳይሆን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የካሜራው ፋብሪካ ባትሪ ነው። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ የራሱን ስም፣ የራሱን አድራሻና የራሱን ዋስትና ጽፎበት የሚሸጠው ነው። ሦስተኛው ግን ሠሪው የማይታወቅ ሆኖ የመጀመሪያውን ስም ሰርቆ የለበሰ ነው። እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት ለስሙ ሲሆን የገዛሁት ሦስተኛውን ነበር። በእኔ አስተያየት በራሱ ስም የወጣ ባትሪ፣ ስሙ እምብዛም ያልታወቀ እንኳ ቢሆን፣ ከዚህ ሦስተኛው እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ባትሪው ቢበላሽ የሚያፍርበት ስም አለው። ሌባው ግን የሚጎዳው የሌላ ሰው ስም ነው።

ስለ ሁለተኛው ዓይነት ያለን ጥላቻ ከልክ ያለፈ መሆኑንም ልናገር። የካሜራ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ሴሉን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከሴል ሠሪዎች ገዝተው በራሳቸው ሣጥን ያሽጉታል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ ሌላ ፋብሪካ ጥሩ ሴል እንዳይገዛ የሚከለክለው ነገር የለም። ችግሩ በአብዛኛው ከቺፑ ላይ ነው። የካሜራው ፋብሪካ የቺፑን ቋንቋ ለሌላው አይገልጥለትም፤ ሌላው ፋብሪካ እያዳመጠ በግምት ይማረዋል። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ወይም የካሜራው ፕሮግራም ሲታደስ ትናንት ይሠራ የነበረው ባትሪ ዛሬ ካሜራው «አላውቅህም» ሊለው ይችላል። ይህ እቤት ሲደርስ ቀላል ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎሜትር ርቆ ሲደርስ ግን ቀላል አይደለም። ከጉዞ በፊት በነበረው ሳምንት የካሜራን ፕሮግራም ማደስ ትክክል የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

ደግሞም የታወቀ ስም ከስሕተት ነፃ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኤን-ኢኤል15 ከተባለው ባትሪው መካከል ከመጠን በላይ ሊሞቁ የሚችሉትን በምርት ቍጥራቸው ለይቶ ከገዢዎች ሰብስቧል። ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው ምክንያት ከገበያ ለማውጣት ተገዷል። እነዚህን የምጠቅሰው ስማቸውን ለማጉደፍ አይደለም፤ ከእነርሱ የምንማረው ሌላ ነገር ስላለ ነው። ስሕተቱ በተገኘ ጊዜ ባትሪው ቍጥር ነበረው፤ ፋብሪካው የትኛው ቀፎ፣ በየትኛው ጊዜ እንደ ተሠራ ዐውቆ «መልሱልኝ» ማለት ቻለ። ለፋብሪካው ባትሪ የምንከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ከፊሉ የዚህ ዋጋ ነው ብዬ አስባለሁ። ከእኔ ሁለት ባትሪዎች ጋር በአንድ ቀን የተሠሩት ስንት እንደ ሆኑ፣ ዛሬ በማን ቦርሳ ውስጥ እንዳሉ የሚያውቅ ማንም የለም።

አሁን ወደ መለያው እንምጣ። ብዙዎቻችን በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊ-አምፔር-ሰዓት አይተን ትልቁን ቍጥር እንመርጣለን። በስሌት እንየው። ኤል.ፒ.-ኢ6ኤን የተባለው የካኖን ባትሪ 7.2 ቮልትና 1865 ሚሊ-አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 13.4 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ በላዩ ላይም 14 ተብሎ ተጠጋግቶ ተጽፏል። ክብደቱ 80 ግራም ገደማ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣውና በመጠን የሚተካከለው ባትሪ 2130 ሚሊ-አምፔር-ሰዓት ደርሷል። በዚያው ሣጥንና በዚያው ክብደት 3000 ሚሊ-አምፔር-ሰዓት ይዣለሁ የሚል ባትሪ ሲቀርብልን፣ ይህ ከ21 ዋት-ሰዓት በላይ ስለ ሆነ፣ በኪሎግራም 270 ዋት-ሰዓት ያህል ያዝሁ ማለቱ ነው፤ ያውም ፕላስቲኩና ሰሌዳው ተጨምረው። ይህን የቻለ ሰው በካሜራ ባትሪ ንግድ ላይ ጊዜውን ባላጠፋ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪዎች በሩ ላይ ይሰለፉለት ነበርና። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንዱ ጎን የተጻፈው ዋት-ሰዓት በሌላው ጎን ከተጻፈው ብዜት ጋር አይስማማም። እንዲህ ያለውን ሲያዩ ባትሪውን መልሶ በመደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።

ዋት-ሰዓቱ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። በአውሮፕላን የሚሄድ መንገደኛ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ሊይዝ የሚችለው በእጅ ሻንጣው ብቻ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው። እያንዳንዱ ባትሪ ከ100 ዋት-ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ ላለው የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የካሜራ ባትሪ ከዚህ ወሰን እጅግ በታች ስለ ሆነ ፍርሃት የለበትም፤ ነገር ግን ቍጥሩ ያልተጻፈበት ባትሪ በፍተሻ ላይ ለክርክር ይዳርጋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ «ባትሪ ይዘህልኝ ና» ብለን የምንልክም ብዙዎች ነንና፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አብረን ልንነግረው ይገባል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከመጋቢት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሊቲየም-አዮን ባትሪ ለብቻው በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ በጭነትነት እንዳይሄድ አግዷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምን እንደ መጣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በሊቲየም-አዮን ባትሪያቸው ምክንያት በዓለም ሁሉ ከበረራ ታግደው ሲቆዩ፣ እገዳው ሲነሣ መጀመሪያ መንገደኞች አሳፍሮ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ በለንደን ሒዝሮው ቆሞ በነበረ የዚሁ አየር መንገድ 787 ላይ እሳት ተነሣ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። የብሪታንያ መርማሪዎች የእሳቱን ምንጭ የአደጋ ጊዜ ምልክት በሚያስተላልፈው መሣሪያ ባትሪ ላይ አገኙት። ይህኛው የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ዋና ባትሪዎችም የተለየ ነው። ሽቦዎቹ በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ኀይሉ በአቋራጭ እንዲፈስ ሳያደርጉ አልቀሩም ሲሉ መርማሪዎቹ ደምድመዋል። የታወቀ ሠሪ፣ የተመረመረ መሣሪያ፣ እጅግ ጥብቅ የሆነ የሥራ ዘርፍ ነው፤ ሆኖም ሁለት የተጨፈለቁ ሽቦዎች በቁ። በቦርሳችን ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚንከባለል ባትሪ በዚሁ ሕግ ይገዛል። ስለዚህ የፕላስቲክ ክዳኑን መጠበቅ፣ ከጠፋም ጫፎቹን በፕላስተር መሸፈን ይገባል።

በራሱ ስም የሚሸጠውን ሌላ ፋብሪካ ለመመዘን አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ። የሊቲየም ባትሪ ለማጓጓዝ እንዲፈቀድለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው መመሪያ ክፍል 38.3 የተዘረዘሩትን ፈተናዎች ማለፍ አለበት፤ ከነዚህም ውስጥ የከፍታ፣ የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ፣ የንዝረት፣ የግጭትና የአቋራጭ ጅረት ፈተናዎች ይገኛሉ። ሥራውን የሚያከብር ፋብሪካ የዚህን ፈተና ማስረጃ ያወጣል። የሚጠይቅ ገዢ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ነጋዴውም «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ከመካከላችን አሥር ሰው ቢጠይቀው አሥራ አንደኛው ሲመጣ ማስረጃውን ያዘጋጅለታል።

የሁሉም መጨረሻ ግን ፈተናው በገዛ እጃችን ያለ ነው። እኔ ዛሬ ማናቸውንም ባትሪ፣ የፋብሪካውንም ቢሆን፣ ሳልፈትን ይዤ አልወጣም። 10 ኦም የሆነ፣ 10 ዋት የሚችል ሬዚስተር በሸክላ ንጣፍ ላይ አድርጌ ከሞላው ባትሪ ጋር አገናኛለሁ፤ በቮልት መለኪያ እየተከታተልሁ 6 ቮልት ሲደርስ አቋርጣለሁ። ጅረቱ በአማካይ 0.7 አምፔር ያህል ስለ ሆነ 1865 ሚሊ-አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሊቆይ ይገባዋል። ከመሣሪያ ጋር መታገል ለማይወድ ሰው ካሜራውን ቪዲዮ እያስቀረጹ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ያ በላስታ የከዳኝ ባትሪ ጓደኛው በዚህ ፈተና አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። በቅርቡ የገዛሁት፣ በራሱ ስም የሚሸጥ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ግን ከፋብሪካው ባትሪ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ አንሶ ጨረሰ፤ ለዋጋው እጅግ መልካም ነው። ፈተናውን ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል፤ ሐሰተኛው ባትሪ በመጀመሪያው ቀን ደኅና መስሎ በሦስተኛው ራሱን ይገልጣልና።

የባትሪ መሙያ ነገር ከባትሪው ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል፤ ሰው ግን ይረሳዋል። ከርካሽ ባትሪ ጋር በነፃ የሚሰጥ መሙያ ብዙ ጊዜ ከባትሪው የባሰ ነው። ሁለት ሴል ላለው ባትሪ መሙያው ሲጨርስ ቮልቴጁ ከ8.4 እምብዛም ማለፍ የለበትም። በቮልት መለኪያ ሲታይ 8.6 ከደረሰ ያን መሙያ መጣል እንጂ ሌላ መድኀኒት የለውም። መብራት እየመጣ በሚሄድባቸው፣ ቮልቴጁም በሚዋዥቅባቸው ከተሞች ደግሞ ባትሪ እየሞላ መተኛት አይገባም። በመኪና ላይ ከ12 ቮልት የሚሞላ ጥሩ መሙያ ለመስክ ሰው ከአንድ ተጨማሪ ባትሪ ይበልጣል፤ እኔም በላስታ ያጣሁት እርሱን ነበር።

ስለ አየር ጠባይ ጥቂት ልጨምር። በስሜን ወይም በባሌ በሰነቴ አምባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር ላይ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በባትሪው ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ በጭነት ጊዜ ይወድቃል፤ ካሜራውም ባዶ ነው ብሎ ይዘጋል። ባትሪው ግን ባዶ አይደለም፤ በብብት ወይም በውስጥ ኪስ ለጥቂት ጊዜ ቢሞቅ ይመለሳል። ሌሊት ከሰውነት ጋር ማሳደር የድሮ መንገደኛ ዘዴ ነው፤ ዛሬም የሚሻለው የለም። ከውሃ መርጊያ ነጥብ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ባትሪ መሙላት ግን ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። በአፋር ቆላ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ ያረጃል፤ ያብጣልም። ያበጠ ባትሪ የማንም ፋብሪካ ይሁን ከእንግዲህ ወደ ካሜራ አይመለስም። በመደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ የፋብሪካው ባትሪም ከአዲስ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ሊያንስ ይችላል፤ ሴሉ ሳይሠራም ያረጃልና የተሠራበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ እኔ ምን እገዛለሁ? ለራሴ ጉዞ፣ ለገና ላሊበላ ስሄድ፣ ማታ ማታ ሶኬት በማገኝበት ሆቴል ካደርሁ፣ በራሱ ስም የሚሸጥና የፈተንሁት አንድ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ ይበቃኛል፤ ለእርሱ እጥፍ መክፈልን ትርፍ ወጪ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ዳግመኛ ላነሣው ለማልችለው ሥራ ስወጣ ግን ከካሜራው ጋር ከመጣው ሌላ አንድ የፋብሪካውን ባትሪ፣ ከታወቀ ቦታ በደረሰኝ ገዝቼ እይዛለሁ፤ ሦስተኛው የሌላ ፋብሪካ ይሆናል። ሦስተኛውን ከሁሉ በፊት፣ ገና ከመኪናው እንደ ወረድሁ፣ የመንገዱንና የአካባቢውን አጠቃላይ ሁኔታ ሳነሣ እጠቀምበታለሁ፤ ቢከዳኝም የሚከዳኝ በቀላሉ በማነሣው ነገር ላይ ነው። ሁለቱ የፋብሪካው ባትሪዎች ለምሰሶው ሥር ይቆያሉ። ያለ ስም የመጣ፣ ወይም ስሙ የተሰረቀ ባትሪ በነፃ ቢሰጠኝም አልወስድም።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ባትሪዎች አስቀምጫለሁ። አንዱ እውነተኛው የፋብሪካው ነው፤ አንዱ በራሱ ስም የሚሸጠው ነው፤ ሁለቱ በላስታ የከዱኝ ሲሆኑ እነዚህኞቹ ባዶ ቀፎዎች ናቸው፤ ሴሎቻቸው ወጥተዋል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በመለያቸው ላይ አልጻፍሁም። ከስብሰባው በኋላ በሻይ ሰዓት እየመጣችሁ በእጃችሁ መዝኑአቸው፤ ጽሑፋቸውን አንብቡ፤ ከዚያም ብዜቱን ሠርታችሁ ንገሩኝ።